ለክርን ስብራት የትኛው የቀዶ መግቢያ? ከኋላ፣ ከጎን ወይስ ከውስጥ

ዓመት_ሦስት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የክርን መግቢያዎች በየመጽሐፉ ተደርድረው ይገኛሉ፤ የትኛው ስብራት የትኛውን እንደሚፈልግ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አይገኝም። በተለይ የሂውመረስ (የላይኛው ክንድ አጥንት) ታችኛው ጫፍ እስከ መገጣጠሚያው ድረስ ሲሰበር (ስብራትን በቁጥርና በፊደል በሚለየው የኤኦ አመዳደብ 13-ሲ) ኦሌክራነንን (የክርን ጫፍ አጥንት) በመጋዝ ቆርጦ መግባት የግድ ነው ወይስ በትራይሴፕስ (ክርንን የሚዘረጋው የኋላ ጡንቻ) ግራና ቀኝ መሥራት ይበቃል? ራዲያል ሄድ (የራዲየስ አጥንት የላይ ራስ) እና ኮሮኖይድስ (የአልና አጥንት የፊት ጉብታ)? የምታውቁ ቁጥርና ቅደም ተከተል ጨምራችሁ ብትጽፉልን።

ባለ_መጋዝ፦
መጀመሪያ የትኛውን ቁራጭ በዓይንህ ማየት እንዳለብህ ወስን፤ መግቢያው ከዚያ ይመጣል። ለዚህ ሲቲ ያስፈልጋል፤ ራዲየስና አልና (ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያሉት ሁለት አጥንቶች) ከምስሉ ተነሥተው የሂውመረስ ጫፍ ብቻውን የሚታይበት ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ቢገኝ ይመረጣል። ኤክስሬይ ክንዱ ተስቦ ካልተነሣ ቁራጮቹ ተደራርበው ያታልላሉ።

13-ሲ በሦስት ይከፈላል። ሲ1 ላይ መገጣጠሚያው በአንድ መስመር ብቻ ተሰንጥቋል፣ ከላይ ያለው አጥንትም አልደቀቀም። ሲ2 ላይ የመገጣጠሚያው ስንጥቅ ያው አንድ ነው፤ የደቀቀው ከላይ ነው። ሲ3 ላይ ግን የመገጣጠሚያው ገጽ ራሱ ደቋል። መጋዝ የሚነሣው ለሲ3 ነው፤ በተለይ ካፒቴለሙ ወይም ትሮክሊያው (የሂውመረስ ጫፍ ውጨኛና ውስጠኛ የመገጣጠሚያ ገጽ) ከፊት በኩል እንደ ቅርፊት ተልጦ ሲገኝ። በአስከሬን ላይ በተደረገ ልኬት ኦሌክራነን ሲቆረጥ ከመገጣጠሚያው ገጽ 57 በመቶው ታይቷል፤ ትራይሴፕስን ገልብጦ በመግባት 46፣ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ በመግባት 35። 57ም ቢሆን ሙሉ አይደለም። የፊቱ ገጽ የሚገኘው ከተቆረጠ በኋላ ክርኑን አጥብቆ በማጠፍ ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ቆዳው ከኋላ መሐል ለመሐል ይከፈታል፤ የኦሌክራነን ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ወደ ጎን ይታጠፍ፣ ጠባሳው ሰው ክርኑን በሚያስደግፍበት ቦታ ላይ እንዳያርፍ። ቆዳውና ስቡ ተለያይተው አይነሡ፤ ከፋሺያው (ጡንቻውን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን) ላይ በአንድነት ይነሡ፣ አለበለዚያ ጠርዙ ይሞታል። አልናር ነርቭ (በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው) ተገኝቶ ከተጠበቀ በኋላ የመገጣጠሚያው ከረጢት በኦሌክራነን ግራና ቀኝ ይከፈታል። በኦሌክራነን ቅስት (ትሮክሊያውን በሚያቅፈው ጎድጓዳ ገጽ) መሐል ካርቲሌጅ (የመገጣጠሚያው ለስላሳ ሽፋን) የሌለው ጠባብ ቦታ አለ፤ መቆረጥ ያለበት እዚያ ላይ ነው። በግምት አትሥራ፣ ከሁለቱም ጎን አይተህ ምልክት አድርግ። ከሥሩ እርጥብ ጋውዝ አሳልፍ፣ መጋዙ ሲያልፍ ትሮክሊያውን እንዳይነካ።

መዝጊያው 6.5 ሚሜ ብሎን ወይም ፕሌት (በብሎን የሚታሰር ብረት) ከሆነ ቀዳዳዎቹ ከመቆረጡ በፊት ይበሱ። ይህን የዘለለ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት ቁራጭ ይዞ ሲፈልግ ያመሻል። ቁርጡ የቪ ቅርጽ ይኖረዋል፤ ሹሉ ወደ እጅ መዳፍ አቅጣጫ ይመልከት። ቀጭን የመጋዝ ምላጭ ተጠቅመህ፣ ውኃ እያፈሰስክ፣ ካርቲሌጁ ጋ ከመድረስህ በፊት አቁም። የቀረውን በቀጭን መሮ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርገህ ስበረው። የተሰበረው ጠርዝ ሻካራ ስለሚሆን ሲመለስ እንደ ጥርስ ይገጥማል። በመጋዝ እስከ መጨረሻው የተቆረጠ ግን የምላጩን ውፍረት ያህል አጥንት ያጣል፤ ሲታሰር ቅስቱ ይጠብና ትሮክሊያውን ይቆነጥጣል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ይዞራል።

አንድ ክልከላ አለ። በዕድሜ የገፋ፣ አጥንቱ የሳሳና ወደ ሰው ሠራሽ ክርን የመዞር ዕድል ያለው ሕመምተኛ ከሆነ አትቁረጥ።

ትራይሴፕስ_አይነካ፦
ባለ መጋዝ ያለው ስለ ሲ3 ልክ ነው። ችግሩ ሲ1ንም ሲ2ንም በዚያው መንገድ የሚሠራ ሰው መብዛቱ ነው። አጥንት ለመጠገን ገብተህ ሌላ አጥንት ትሰብራለህ፤ ያ ደግሞ በተራው ላይገጥም፣ ሽቦው ቆዳ ሊወጋ፣ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሊያስፈልግ ይችላል።

በትራይሴፕስ ግራና ቀኝ መግባት ማለት ሁለት መስኮት መክፈት ነው። ከውስጥ በኩል አልናር ነርቭ ከትራይሴፕስ ጠርዝ ይለያል፣ ጡንቻውም ከሂውመረስ ጀርባና ከውስጠኛው ሴፕተም (ጡንቻዎችን ከሚለየው ግድግዳ) ይነሣል። ከውጭ በኩል ጡንቻው ከውጨኛው ሴፕተም ይለይና በአንኮኒየስ (ከክርን ኋላ በውጭ በኩል ያለ ትንሽ ጡንቻ) ጠርዝ ይወረዳል። ከዚያ የጡንቻው ሆድ ሥር ለስላሳ ላስቲክ ይዞርና ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ይሠራል። የትራይሴፕስ መያዣ ኦሌክራነን ላይ ምንም ሳይነካ ይቀራል። የኋለኛው ከረጢትና ስቡ ከጉድጓዱ ሲወጣ የትሮክሊያው የኋላ ክፍል ይታያል። ስንጥቁ አንድ ከሆነ ይህ ይበቃል፤ የመገጣጠሚያው መስመር መግጠሙን ደግሞ ከኋላ ባለው የአጥንት ጠርዝ ታነባለህ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ በር አለመዝጋቱ ነው። ገብተህ አልታይ ካለህ በዚያው ቁስል ኦሌክራነኑን መቁረጥ ትችላለህ። ጥገናው የማይሆን ከሆነ በዚያው ወደ ሰው ሠራሽ ክርን ትዞራለህ። ከመጋዝ ወደዚህ መመለስ ግን የለም። ስለዚህ ምስሉን አይተህ መወሰን ካልቻልክ ከዚህ ጀምር።

ትራይሴፕስን ከኦሌክራነን ልጦ የሚገለብጠው መንገድ ለጥገና ብዙም አይመረጥም። መልሶ የተሰፋው ጅማት ሊለቅ ወይም ሊላላ ይችላል፤ ያኔ ሰውየው ከወንበር በእጁ ተደግፎ መነሣት ያቅተዋል።

ስክራብ_ጠረጴዛ፦
ከጠረጴዛው በኩል ያለውን ልጨምር። ሕመምተኛው በጎኑ ይተኛል፣ የተሰበረው ክንድ በድጋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ግንባር ክንዱ (ከክርን በታች ያለው) ወደ ታች ይውላል፤ ክርኑ ከ120 ዲግሪ በላይ መታጠፍ መቻሉ ጨርቅ ከመልበሱ በፊት ይሞከር። ሲ-አርሙም (በቀዶ ጊዜ የሚሠራበት ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ) እንዲሁ፦ ከፊትና ከጎን ንጹሕ ምስል መምጣቱ አስቀድሞ ካልታየ በኋላ ድጋፉ ምስሉን ሲሸፍን ማንም አያስተካክለውም። ብዙ ጉዳት ያለበትና በጎኑ መተኛት የማይችል ሰው በጀርባው ተኝቶ ክንዱ ደረቱ ላይ ይያዛል፤ ይህ ግን አንድ ረዳት እጅ ሙሉ ይበላል።

ቱርኒኬቱ (ደም ለማቆም ክንድ ላይ የሚነፋው ማሰሪያ) በስቴራይል (ከጀርም ነጻ በሆነ) መልክ የሚታሰር ይሁን፤ ቁስሉ ወደ ላይ መርዘም ካለበት ይፈታል። ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ 250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሞላል፣ ከ2 ሰዓት አይለፍ። ሴፋዞሊን (አንቲባዮቲክ) 2 ግራም ቆዳ ከመከፈቱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥ፤ ቱርኒኬቱ ከተነፋ በኋላ የተሰጠ መድኃኒት ቁስሉ ጋ አይደርስም።

ዓመት_ሦስት፦
አመሰግናለሁ ሲስተር። ዶክተር ባለ መጋዝ፣ አልናር ነርቭን እስከ የት ድረስ ነው የምንለቀው? ሲዘጋስ ቦታው ይመለስ ወይስ ወደ ፊት ይዛወር?

ባለ_መጋዝ፦
ስብራቱ አጠገብ አትፈልገው፤ እዚያ ደምና እብጠት አናቶሚውን አጥፍቶታል። ወደ ላይ ወጣ ብለህ በትራይሴፕስ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ፈልገው፣ ከዚያ እየተከተልክ ውረድ። ወደ ላይ ከውስጠኛው ኤፒኮንዳይል (በሂውመረስ ጫፍ ጎን ያለው ጉብታ) 8 ሴሜ ያህል፣ ወደ ታች በፍሌክሰር ካርፒ አልናሪስ (የእጅ አንጓን የሚያጥፍ ጡንቻ) ሁለት ራሶች መካከል የመጀመሪያው የጡንቻ ቅርንጫፍ እስኪታይ ልቀቀው። አብሮት የሚሄደው ደም ስር አይገፈፍ። የሚያዘው በለስላሳ ላስቲክ ነው፤ የላስቲኩ ጫፍ ላይ ከባድ ክላምፕ አይንጠልጠል፣ ክብደቱ ብቻውን ቀዶው እስኪያልቅ ነርቩን ሲጎትት ይቆያል።

ማዛወሩ በመደበኛነት ይሻላል የሚል አሳማኝ ማስረጃ የለም። በዘፈቀደ ግን አይደለም፦ ክርኑን እያጠፍክ እየዘረጋህ ተመልከት። ፕሌቱ ወይም የብሎን ራስ ላይ የሚፋተግ ከሆነ ወደ ፊት ከቆዳ ሥር አሳልፈው፤ የማይፋተግ ከሆነ በቦታው ተወው። የትኛውንም ብታደርግ በቀዶ ዘገባው ላይ በግልጽ ጻፍ። ነገ ፕሌት ለማውጣት የሚገባው ሰው ነርቩ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያች አንድ መስመር ነው።

ትራይሴፕስ_አይነካ፦
ስለ ራዲያል ነርቭም ይነሣ። ቁስሉ ወደ ላይ ሲረዝም ነርቩ ከሂውመረስ ጀርባ ከውስጠኛው ኤፒኮንዳይል 20 ሴሜ፣ ከውጨኛው 14 ሴሜ ገደማ ላይ ይሻገራል፤ ውጨኛውን ሴፕተም የሚበሳው ደግሞ 10 ሴሜ አካባቢ ነው። ውጨኛው ፕሌት እዚያ ድረስ የሚረዝም ከሆነ ነርቩን ሳታይ ፕሌት አታንሸራት።

ሁለት_ምሰሶ፦
መግቢያ ላይ ብቻ ቆማችሁ፤ የገባችሁበትን ሥራ ማን ይጨርሰው? የሂውመረስ ጫፍ ሁለት ምሰሶና በመካከላቸው አግዳሚ ነው ብላችሁ አስቡ። አግዳሚው ትሮክሊያና ካፒቴለም ናቸው። መጀመሪያ አግዳሚው ይገጣጠምና በቀጭን ኬ-ዋየር (አጥንት የሚወጋ የብረት ዘንግ) ይያዛል፤ ኬ-ዋየሮቹ ፕሌትና ብሎን የሚያልፍበትን መንገድ እንዳይዘጉ ከካርቲሌጁ ሥር ባለው አጥንት ውስጥ ይግቡ። ከዚያ አግዳሚው ከምሰሶዎቹ ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ የታወቀ ስሕተት፦ ትሮክሊያው መሐል ላይ ደቆ ሳለ በሚጨምቅ ብሎን ማሰር። የጎደለው ቦታ ይጨመቅና ትሮክሊያው ይጠባል፤ ኦሌክራነኑ ከዚያ በኋላ አይገባበትም። በዚያ ጊዜ እስከ ራሱ ጥርስ ያለው ብሎን ሳይጨምቅ ስፋቱን ይያዝ፣ የጎደለውም በአጥንት ቁራጭ ይሞላ።

ፕሌት ሁለት ይሁን፣ አንድ አይበቃም። አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ ትይዩ ይደረጉ ወይም አንዱ ከውስጥ ሌላው ከኋላ በ90 ዲግሪ፣ ሁለቱም በደንብ ከተሠሩ ይይዛሉ። ስብራቱ በጣም ዝቅ ብሎ ከሆነ ትይዩው ታች ላይ ረጃጅም ብሎን ለማሳለፍ ይመቻል። ታች የሚገባ ብሎን ሁሉ በፕሌት በኩል ይለፍ፣ የሚችለውን ያህል ይርዘም፣ በተቃራኒው ጎን ያለ ቁራጭ ይያዝ። አንድ ሦስተኛ ቱቡላር ፕሌት እዚህ ቦታ ላይ ደካማ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይሰበራል። የሁለቱ ፕሌቶች የላይ ጫፍም በአንድ ደረጃ ላይ አይቁም፣ አጥንቱ እዚያው ላይ እንዳይሰበር።

ከላይ ያለው ክፍል ከደቀቀና ጠርዝ ለጠርዝ አልገናኝ ካለ እስከ 1 ሴሜ ማሳጠር ይቻላል። ካሳጠርክ ግን የኦሌክራነንና የኮሮኖይድ ጉድጓዶችን መልሰህ በበረር (አጥንት በሚፍቅ መሰርሰሪያ) ቆፍር፤ አለበለዚያ ክርኑ መዘርጋትም መታጠፍም እምቢ ይላል። ከመዝጋትህ በፊት በሲ-አርም ብቻ አትተማመን፦ ክርኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅስ፣ ግንባር ክንዱን አዙር። የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ብሎን መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቷል።

ዓመት_ሦስት፦
ራዲያል ሄድና ኮሮኖይድ አብረው ተሰብረው ክርኑ ሲወልቅስ? ቅደም ተከተሉ ግራ ያጋባል።

ጎን_ለጎን፦
ከጥልቁ ወደ ላይ ነው፦ ኮሮኖይድ፣ ራዲያል ሄድ፣ ከዚያ ውጨኛው ሊጋመንት (አጥንትን ከአጥንት የሚያስር ጅማት)። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ራዲያል ሄዱ ከተጠገነ ወይም ከተተካ በኋላ ኮሮኖይዱ ጋ የሚደረስበት መስኮት ይዘጋል።

ከውጭ የሚገባው ብዙ ጊዜ በኮከር መንገድ ነው፣ በአንኮኒየስና በኤክስቴንሰር ካርፒ አልናሪስ (የእጅ አንጓን የሚዘረጋ ጡንቻ) መካከል። ሊጋመንቱ በጉዳቱ ቀድሞ ተበጥሶ ከሆነ ቀዳዳው ራሱ መንገድ ያሳያል። ሊጋመንቱ ደኅና ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ራዲያል ሄዱ ብቻውን ሲሰበር፣ ኤክስቴንሰር ዲጂቶረምን (ጣት የሚዘረጋውን ጡንቻ) ሰንጥቆ መግባት ይሻላል፤ ከራዲያል ሄዱ ወገብ በፊት ቁም፣ ወደ ኋላ አትለፍ። ከወገቡ በስተኋላ ያለውን የቆረጠ ሰው ሄዱን ጠግኖ ክርኑን አላልቶ ይወጣል። በሁለቱም መንገድ ግንባር ክንዱ መዳፉ ወደ ታች ዞሮ ይያዝ፤ የኋለኛው ኢንተርኦሲየስ ነርቭ (የራዲያል ነርቭ ቅርንጫፍ) ከቢላው ይርቃል። የራዲየስ አንገት ላይ የሆህማን ሪትራክተር (ጡንቻን ገፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ከፊት አትንጠልጥሉ፤ ነርቩን የሚጨፈልቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ከሆነ ራስ በሌለው ትንሽ ብሎን ይታሰራል። ፕሌት ካስፈለገ ከአልና ጋር የማይገናኘው 110 ዲግሪ ያህል ቅስት ላይ ይቀመጥ፤ ግንባር ክንዱ በመካከለኛ አቋም ሲሆን በቀጥታ በውጭ ጎን የሚታየው ቦታ ነው። ወደ ታች ከባይሴፕስ ጉብታ አይለፍ። ከሦስት ቁራጭ በላይ ከሆነ መተካቱ ይሻላል። የወጡትን ቁራጮች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሟቸው፦ አንድ ከጎደለ መገጣጠሚያው ውስጥ አለ፤ መጠኑንም ከዚያ ትለካላችሁ፣ በሁለት መጠን መካከል ከሆነ ትንሹን ውሰዱ። ከፍታው ደግሞ ከአልና ትንሹ ቅስት የላይ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ከፍ ያለ ሄድ ካፒቴለሙን ይፈጨዋል፤ ክርኑም አይታጠፍም። በኤክስሬይ ብቻ አይታወቅም፤ ውጨኛው የአልናና የሂውመረስ ክፍተት ከፍቶ እንደሆነ በዓይን ይታይ።

የኮሮኖይድ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ከሆነ በከረጢቱ ላይ ጠንካራ ክር ይያዝና ከአልና ጀርባ በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ወጥቶ ይታሰራል። ትልቅ ከሆነ ብሎን ከኋላ ወደ ፊት ይገባል። የፊተኛ ውስጠኛው ገጽ ከተሰበረ ግን ከውጭ አይደረስም፦ በፍሌክሰር ካርፒ አልናሪስ ሁለት ራሶች መካከል ከውስጥ ይገባል፣ በትንሽ ፕሌትም ከሥሩ ይደገፋል። ይህ ስብራት በኤክስሬይ ላይ ቀላል ይመስላል። ሳይጠገን ሲቀር ክርኑ ወደ ውስጥ እየተጣመመ መገጣጠሚያው ይበላል።

ሊጋመንቱ የሚመለሰው ካፒቴለሙ ክብ መሐል ላይ ነው፤ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ካፈነገጠ በአንድ አቋም ይላላል፣ በሌላው ይወጠራል። ከዚያ ክርኑ በሲ-አርም ሥር እስከ 30 ዲግሪ ይዘርጋ። እዚያ ድረስ ካልወለቀ ይዘጋ። ከወለቀ ውስጠኛው ሊጋመንት ይጠገናል፤ አሁንም እምቢ ካለ ኤክስተርናል ፊክሴተር (ከቆዳ ውጭ የሚታሰር የብረት ድጋፍ) ይታሰራል።

የልጆች_አጥንት፦
ይህ ሁሉ ለአዋቂ ነው፤ ለልጆች እንዳትገለብጡት። ከኮንዳይሎቹ (የሂውመረስ ጫፍ ሁለት ጎኖች) በላይ ያለው ስብራት (በጋርትላንድ አመዳደብ 3፣ ሙሉ በሙሉ የተለያየው) አብዛኛው ሳይከፈት ተመልሶ በኬ-ዋየር ይያዛል፤ ለትንሽ ልጅ 1.6፣ ለትልቁ 2.0 ሚሜ። ከውጭ በኩል ሦስት፣ ስብራቱ ላይ ሲደርሱ ተራርቀው፣ ሁለቱንም ምሰሶ ይዘው። ስብራቱ ላይ ተጠጋግተው ወይም ተቋርጠው ካለፉ አጥንቱ ይዞራል። ከውስጥ አንድ መጨመር ካስፈለገ ክርኑ ዘርጋ ተደርጎ ትንሽ ቆዳ ተከፍቶ ይግባ፤ ክርኑ ታጥፎ ሳለ አልናር ነርቭ ወደ ፊት መንሸራተት ይችላል።

መክፈት ካስፈለገ ከፊት ነው። ብራኪያል አርተሪ (ዋናው የክንድ ደም ስር) እና ሚዲያን ነርቭ ስብራቱ ውስጥ ተቆንጥጠው የሚገኙት እዚያ ነው። እጁ ሞቆና ቀልቶ ሳለ በእጅ አንጓ ላይ የደም ስር ትርታ ካልተሰማ በአስቸኳይ ይመለስና ይጠበቅ። እጁ ነጥቶ ቀዝቅዞ ከሆነ ግን ከተመለሰም በኋላ ደም ካልገባ ይከፈት። ኬ-ዋየሩ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይወጣል።

የውጨኛው ኮንዳይል ስብራት ከ2 ሚሜ በላይ ከተለያየ ይጠገናል፤ መገጣጠሚያው ካልገጠመ የሚከፈተው ከውጭ ነው፣ ከፊት ብቻ እየታየ። የቁራጩ ደም ከኋላ ስለሚገባ የኋላው ጡንቻ ከተላጠ አጥንቱ ይሞታል።

ፊዚዮ_30_130፦
ከቀዶ በኋላ ያለውን ባጭሩ። ለዕለት ሥራ የሚበቃው ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መታጠፍና መዳፍን ወደ ላይም ወደ ታችም 50 ማዞር ነው። ጥገናው ጠንካራ ከሆነ ቁስሉ እንደተረጋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀመር፤ ሦስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ የቆየ ክርን ይደርቃል። ሰውየው ራሱ ያንቀሳቅስ፣ ማንም በኃይል አይግፋለት። ኦሌክራነን የተቆረጠበት ሰው 6 ሳምንት ክብደት እየገፋ አይዘርጋ። ውጨኛው ሊጋመንት የተጠገነበት ደግሞ ክንዱን ከጎኑ አንሥቶ አይለማመድ፤ የክንዱ ክብደት ጥገናውን ይስበዋል።

ትርፍ አጥንት እንዳይበቅል ኢንዶሜታሲን (የብግነት ማስታገሻ) 25 ሚግ በቀን ሦስት ጊዜ ለ3 ሳምንት የሚሰጡ አሉ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይታይ። አዲስ ስብራት ላይ ጨረር መስጠት አጥንቱ እንዳይገጥም ስለሚያደርግ አይመከርም።

ዓመት_ሦስት፦
የመጨረሻ ጥያቄ፦ የተቆረጠውን ኦሌክራነን በሽቦ ሲያስሩ ኬ-ዋየሩ ወደ ኋላ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ባለ_መጋዝ፦
ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት። አንደኛው ኬ-ዋየሩ በአጥንቱ መሐል ቦይ ውስጥ ብቻ መዋሉ ነው። ከኮሮኖይድ በታች የፊቱን ኮርቴክስ (የአጥንቱን ጠንካራ የውጭ ግድግዳ) ይብሳ፣ ከዚያ ወደ ኋላ 1 ሴሜ ያህል ይሳብ፣ ጫፉ 180 ዲግሪ ይታጠፍ፣ በመዶሻ ተመትቶ ትራይሴፕስ ሥር አጥንቱ ውስጥ ይቀበር። ሳይሳብ ከፊት ወጥቶ ከቀረ ግን ግንባር ክንዱ አይዞርም፣ የፊተኛው ኢንተርኦሲየስ ነርቭም ይነካል።

ሁለተኛው የ1.0 ሚሜ ሽቦው ከትራይሴፕስ ጅማት በላይ ማለፉ ነው። ክርኑ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ጅማቱን ይቆርጥና ይላላል። ባለ 14 ቁጥር ካኑላ (ክፍት ቱቦ ያለው መርፌ) በጅማቱ ሥር አጥንቱን ተጠግቶ ይለፍ፣ ሽቦው በእሱ ውስጥ ይሳብ። ታች ያለው አግድም ቀዳዳ ከቁርጡ 3 እስከ 4 ሴሜ ይራቅ፤ ሽቦው ስምንት ቁጥር ሠርቶ በሁለቱም ጎን በተሠራ ቋጠሮ እኩል ይጠምዘዝ። በአንድ ጎን ብቻ የተጠመዘዘ ቁርጡን በዚያ ጎን ይዘጋና በሌላው ይከፍታል።

ይህ ለተቆረጠና በአግድም ለተሰበረ ኦሌክራነን ነው። የደቀቀ ወይም ሰያፍ ስብራት ላይ ሽቦ አታስር፤ ሲጠብቅ ቅስቱን ያጠብበዋል። እዚያ ፕሌት።